የጉበት ኤምአርአይ፡ የማግኔቱ ጉልበት ሲጨምር ምስሉ ሁልጊዜ ይጠራል?

በኬንያ መዲና ናይሮቢ፣ አፐር ሂል እና ፓርክላንድስ በተባሉት ሰፈሮች ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከላት ተጠጋግተው ይገኛሉ። ወደ እነዚህ ተቋማት የሚመጡት የከተማዋ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም። ከሩቅ የኬንያ ካውንቲዎች፣ ከሶማሊያ፣ ከደቡብ ሱዳን እንዲሁም ከኢትዮጵያ ድንበር አቋርጠው የሚመጡ ታካሚዎችም አሉ።

ከእነዚህ መካከል "የጉበት ኤምአርአይ" የሚል የሐኪም ትዕዛዝ የያዙት ገና ሳይከፍሉ አንድ ቁጥር ይሰማሉ፤ 1.5 ወይም 3። ቁጥሩ የማሽኑን መግነጢሳዊ ጉልበት "ቴስላ" በተሰኘ መለኪያ የሚገልጽ ነው። ለታካሚው ቤተሰብ ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ 3 የ1.5 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ምስሉም እጥፍ የጠራ ይሆናል። ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈለውም፣ ወረፋ የሚጠበቀውም፣ አንዳንዴም ከአገር አገር የሚኬደው በዚህ እምነት ነው።

አንጎልን ወይም ጉልበትን ለማንሳት ይህ ስሌት ብዙውን ጊዜ አያሳስትም። ጉበት ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እንዲያውም በዚህ ቀጣና በብዛት የሚታየው ዓይነት የጉበት ሕመምተኛ፣ ማለትም በሽታው ከገፋ በኋላ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሰው፣ ብርቱው ማግኔት ከሚያስቸግራቸው ታካሚዎች ቀዳሚው ነው።

ቴስላ የሚለካው ምንድን ነው?

መለኪያው ስሙን ያገኘው ከፈጠራ ሊቁ ኒኮላ ቴስላ ነው። ምድር ራሷ ማግኔት ናት፤ የኮምፓስን ቀስት የሚያዞረው የእርሷ ጉልበት ነው። ባለ 3 ቴስላ ማሽን ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ከ60 ሺህ እጥፍ በላይ ብርቱ ነው። ወደ ክፍሉ በስህተት የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር እንደ ጥይት ተወርውሮ ከማሽኑ የሚጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤምአርአይ እንደ ራጅ ወይም እንደ ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። የሚያዳምጠው በሰውነት ውሃና ስብ ውስጥ የሚገኙትን የሃይድሮጅን አቶሞች ነው። እያንዳንዱ የሃይድሮጅን አቶም እምብርት እንደ ጥቃቅን ማግኔት ነው። ታካሚው ወደ ማሽኑ ሲገባ እነዚህ ጥቃቅን ማግኔቶች በትልቁ ማግኔት አቅጣጫ ለመሰለፍ ያዘነብላሉ። ከዚያ ማሽኑ የሬዲዮ ሞገድ ይልክባቸዋል፤ ይናወጣሉ፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱም ደካማ የሬዲዮ ሲግናል ይለቃሉ። ኮምፒውተሩ ምስል የሚሠራው ከዚህ ሲግናል ነው።

ሞገዱ ከኤፍኤም ሬዲዮ ጋር ጎረቤት ነው። በ1.5 ቴስላ ማሽን ውስጥ አቶሞቹ የሚሰሙትና የሚናገሩት በ64 ሜጋኸርዝ ገደማ ሲሆን በ3 ቴስላ ደግሞ በ128 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። የኤፍኤም ጣቢያዎች የሚገኙት በሁለቱ መሃል፣ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። የኤምአርአይ ክፍል ግድግዳ በመዳብ ወይም በሌላ ብረት የሚለበጠው የውጭው ዓለም የሬዲዮ ሞገድ ከዚህ ሹክሹክታ ጋር እንዳይቀላቀል ነው።

ሹክሹክታ መባሉ ያለምክንያት አይደለም። በ1.5 ቴስላ ከአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን እምብርቶች መካከል ለምስሉ የሚጠቅመው ትርፍ 5 ገደማ ብቻ ነው። የተቀሩት አንዱ የሌላውን እያጠፋ ድምፃቸው አይሰማም። ማግኔቱ ወደ 3 ቴስላ ሲያድግ ይህ ቁጥር ወደ 10 ይጠጋል። የብርቱ ማግኔት ዋነኛ ጥቅም ይህ ነው፤ ሲግናሉ ከሁካታው አንጻር በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እጥፍ ይሆናል። "በንድፈ ሐሳብ ደረጃ" የሚለው አነጋገር ሊሰመርበት ይገባል። የጉበት ምርመራ ላይ ሲደርስ እጥፉ ከእጥፍ ያንሳልና።

ጉበት ለምን ያስቸግራል?

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተቀምጦ አይንቀሳቀስም። ጉበት ግን ከድያፍራም ሥር ተንጠልጥሎ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከአንድ እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ሕመምተኛው ትንፋሹን ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ እንዲይዝ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ሆዱ በውሃ ለተወጠረ፣ ሳንባው ለተጨነቀ ሰው 20 ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው።

ችግሩ ከእንቅስቃሴም ያልፋል። ጉበት ትልቅ አካል ነው፤ በስተግራ በኩል አየር ከያዘው ጨጓራ ጋር፣ ከላይ አየር ከሞላው ሳንባ ጋር ይጎራበታል። ዙሪያውን ስብ አለው። አንዳንዴም ስቡ በራሱ ህዋሳት ውስጥ ይከማቻል። ብረትም ያከማቻል። አየር፣ ስብና ብረት ደግሞ መግነጢሳዊ መስክን የሚያዛንፉ ነገሮች ናቸው፤ መስኩ በበረታ ቁጥርም መዛነፉ አብሮ ይበረታል።

ሐኪሞች ከጉበት ኤምአርአይ የሚፈልጉት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እዚህ ጉበት ውስጥ የሚታየው እብጠት ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? መልሱን ለማግኘት ጋዶሊኒየም የያዘ ማድመቂያ በደም ሥር ይሰጣል። የጉበት ህዋሳት ካንሰር በአብዛኛው ደሙን የሚያገኘው ከደም ቅዳ ቧንቧ በመሆኑ መድኃኒቱ በገባ በ35 ሰከንድ ገደማ ከተቀረው ጉበት ቀድሞ ይደምቃል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ከአካባቢው ቀድሞ ይደበዝዛል። በሲሮሲስ ወይም ሥር በሰደደ ሄፓታይተስ ቢ በተያዘ አዋቂ ላይ ይህ ባሕርይ በግልጽ ከታየ ናሙና በመርፌ ሳይወሰድ እንኳ ካንሰር መሆኑን መወሰን ይቻላል። ከካንሰሮች ሁሉ በምስል ብቻ ይህን ያህል በእርግጠኝነት የሚለየው ጥቂት ነው።

ስለዚህ አንዲት በትክክለኛው ሰከንድ የተነሳች፣ ያልተንቀጠቀጠች ምስል ዋጋዋ ብዙ ነው። እርሷ ከተበላሸች የማግኔቱ ጉልበት አያድናትም።

3 ቴስላ የሚያስገኘው ጥቅም

ብርቱውን ማግኔት ማናናቅ ስህተት ይሆናል። ትርፍ ሲግናል ማለት እንደ ትርፍ ገንዘብ ነው፤ በተለያየ መንገድ ሊወጣ ይችላል። ባለሙያው ምስሉን በቀጫጭኑ ለመሸንሸን ሊያውለው ይችላል፤ ያኔ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሱ እብጠቶች የመታየት ዕድላቸው ይጨምራል። ወይም ፍጥነት ይገዛበታል፤ 20 ሰከንድ የነበረው የትንፋሽ መያዣ ጊዜ ወደ 12 ሊወርድ ይችላል።

ማድመቂያውም በ3 ቴስላ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱ የጉበት ሥጋ ከሬዲዮ ሞገዱ ነውጥ ተረጋግቶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ መርዘሙ ነው። በ1.5 ቴስላ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ የሆነው ይህ ጊዜ በ3 ቴስላ ወደ 800 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ቀስ ብሎ የሚመለሰው ሥጋ በምስሉ ላይ ይጠቁራል፤ ጋዶሊኒየም የደረሰበት ቦታ ግን በፍጥነት ስለሚመለስ ከጥቁሩ ዳራ ላይ ይፈካል። የሐሞት ቧንቧዎችን በሚያሳየው ምርመራም ቢሆን ቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች በ3 ቴስላ ይበልጥ ይጠራሉ።

ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ትንፋሹን መያዝ የሚችል፣ ብረት ያልተከማቸበት ሕመምተኛ ከዚህ ሁሉ ይጠቀማል።

በጥቁር ጥላ የሚሸፈነው ጉበት

ችግሩ የሚጀምረው ከሬዲዮ ሞገዱ ርዝመት ነው። በ1.5 ቴስላ የሚላከው ሞገድ በሰውነት ውስጥ ሲጓዝ ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአብዛኛው ሰው ሆድ ስፋት ይበልጣል። በ3 ቴስላ ግን ወደ 26 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ይህ ደግሞ ከአዋቂ ሰው ሆድ ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው።

ሞገድና ዕቃ ሲመጣጠኑ እንግዳ ነገር ይከሰታል። ከየአቅጣጫው የሚመጡት ሞገዶች ሆድ ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንዳንድ ቦታ ተደምረው ይበረታሉ፣ አንዳንድ ቦታ ተጣፍተው ይሞታሉ። ሞገዱ የሞተበት አካባቢ በምስሉ ላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። በሆድ ምስል ላይ ይህ ጥላ ብዙውን ጊዜ ከፊት ለፊት በኩል መሃል ላይ ያርፋል፤ በትክክል የጉበት ግራ ክፍል በሚገኝበት ቦታ። የዘርፉ ባለሙያዎች ክስተቱን "የዳይኤሌክትሪክ ተጽዕኖ" ይሉታል።

ሆዱ ውሃ በቋጠረ ሰው ላይ ጥላው ይከብዳል። ሆዱ ስለሚሰፋ ሞገዱ የሚጓዝበት መንገድ ይረዝማል። በዚያ ላይ የተቋጠረው ውሃ ጨዋማ በመሆኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የሬዲዮውን ኃይል እየመጠጠ ወደ ጥልቁ እንዳይደርስ ያደርገዋል። ውጤቱ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ የጉበቱ ከፊል ጭራሽ የማይነበብበት ምስል ነው። የራዲዮሎጂ ጽሑፎች ብዙ ውሃ የቋጠረ ሆድ ያለው ሰው ምርጫ ካለ በ1.5 ቴስላ እንዲነሳ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ምክሩ በአውሮፓ ሆስፒታሎች ጥቂት ሰዎችን የሚመለከት ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ክብደቱ ሌላ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እአአ በ2022 በዓለም ላይ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ። በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶችን ያጣመረና በ2016 የታተመ ትንተና የቫይረሱን ስርጭት 7 በመቶ ገደማ አድርጎ አስቀምጦታል። ቫይረሱ ለዓመታት ያለ ምልክት ይኖራል። ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ" ተብሎ በባህል መድኃኒት ይሞከራል፤ ብዙዎች ወደ ሆስፒታል የሚያቀኑት ሆዳቸው ማበጥ ሲጀምር ነው። በ2017 የታተመና ኢትዮጵያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገራት በጉበት ካንሰር የተያዙ ሰዎችን የተመለከተ ጥናት ከግብፅ ውጭ ባሉት አገራት የሕመምተኞቹ መካከለኛ ዕድሜ 45 ዓመት እንደሆነ፣ በሽታው ከታወቀ በኋላ ያለው መካከለኛ የመኖር ጊዜም 2.5 ወር ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ቁጥሩ ስለ ምርመራ መዘግየት ብዙ ይናገራል።

እንዲህ ዘግይቶ የመጣ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የሚነበብ ምስል ነው። ከሁሉ ይልቅ ውድ የሆነው ማግኔት ደግሞ ጥላ የሚጥለው በእርሱ ሆድ ላይ ነው።

አምራቾች ይህን አልዘነጉትም። ዘመናዊዎቹ ባለ 3 ቴስላ ማሽኖች ሞገዱን ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምንጮች እያመጣጠኑ ይልካሉ። በሆድ ላይ የሚቀመጡ ልዩ ፈሳሽ የያዙ ትራሶችም አሉ። ጥላው በእነዚህ ዘዴዎች ብዙ ይሳሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። በቀጣናው አገልግሎት ላይ ያለ ማሽን ሁሉ አዲስ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። ሁለት ማሽኖች እኩል "3 ቴስላ" ተብለው በሆድ ምስል ግን እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ቁጥሩ ይህን አይናገርም።

ሙቀት፣ ብረትና አየር

የሬዲዮ ሞገድ ሰውነትን ያሞቃል። የማግኔቱ ጉልበት እጥፍ ሲሆን በሰውነት የሚቀረው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በመደበኛ አሠራር ለመላ ሰውነት የተፈቀደው ጣሪያ በኪሎ ግራም 2 ዋት በመሆኑ ማሽኑ ወደዚያ ሲቃረብ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ በምስሎች መካከል ዕረፍት ይጨምራል ወይም የሞገዱን ብርታት ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ከብርቱው ማግኔት ከተገኘው ፍጥነት የተወሰነው ለሙቀት ቁጥጥር ተመልሶ ይከፈላል።

ከዚያ ብረት አለ። በምዕራብ ኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም በስፋት ይታያል። በተደጋጋሚ ደም የሚሰጣቸው ሕመምተኞች ጉበታቸው ብረት ያከማቻል፤ ኤምአርአይም መርፌ ሳያስፈልግ የብረቱን መጠን ለመለካት ይጠቅማል። የሚለካው ሲግናሉ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠፋ በመቁጠር ነው። በ3 ቴስላ ሲግናሉ በእጥፍ ፍጥነት ይጠፋል። ብረቱ ብዙ ከሆነ ማሽኑ የመጀመሪያውን ንባብ ከመውሰዱ በፊት ሲግናሉ አልቆ፣ ጉበቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይገኛል። ለብረት መለኪያ 1.5 ቴስላ ተመራጭ ሆኖ የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው። የጉበትን መጠጠር በንዝረት የሚለካው ኤላስቶግራፊም በተለመደው አሠራሩ ብረት ባለበት ጉበት ላይ በ3 ቴስላ በብዛት ይከሽፋል።

አየር ያለበት ጨጓራ ደግሞ የጉበትን ግራ ክፍል ምስል ያጣምመዋል። የውሃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚከተለውና ጥቃቅን እብጠቶችን ለማግኘት እጅግ ጠቃሚ የሆነው ምስል ለዚህ መጣመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ሁሉም ግን ጉዳት አይደለም። ስብንና ውሃን ለመለየት ከፍ ያለ ጉልበት ይረዳል፤ የሁለቱ ሲግናል በ1.5 ቴስላ በ220 ኸርዝ ገደማ ሲራራቅ በ3 ቴስላ በ440 ኸርዝ ገደማ ይራራቃል። በሰፊው መካከል ስቡን ብቻ ነጥሎ ማጥፋት ይቀላል፤ መስኩ በአየርና በብረት እስካልተዛነፈ ድረስ።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ በጉበት ካንሰር ሥጋት ውስጥ ላሉ ሰዎች ያዘጋጀውና በብዙ አገራት ሥራ ላይ ያለው የምስል አነባበብ ሥርዓት ሁለቱንም፣ 1.5ንም 3ንም፣ ብቁ አድርጎ ይቀበላል። አጥብቆ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ በሆድ ላይ የሚቀመጥ ተገቢ የሲግናል መቀበያ እንዲኖር፣ የማድመቂያው የተለያዩ ምዕራፎች በሰዓታቸው እንዲነሱ፣ አስፈላጊዎቹ የምስል ዓይነቶች እንዳይጎድሉ።

ጉበት በ0.04 ቴስላ

የዚህን ክርክር ሌላኛውን ጫፍ ለማየት ወደ ስኮትላንድ አበርዲን ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። እአአ ነሐሴ 28/1980 ፕሮፌሰር ጆን ማላርድ የመሩት የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በገዛ እጁ በሠራው ማሽን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አነሳ። ለሕክምና ውሳኔ የጠቀመ የመጀመሪያው የመላ ሰውነት ኤምአርአይ ተደርጎ የሚወሳው ይኸው ነው። ማሽኑ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ጤናማ ያልሆነ ጉበት ነበር። የማግኔቱ ጉልበት ደግሞ 0.04 ቴስላ ብቻ፤ ከዛሬው ባለ 3 ቴስላ 75 ጊዜ ያነሰ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ውድድሩ ወደ ላይ ነበር። አሁን አንዳንድ ተመራማሪዎችና አምራቾች አቅጣጫውን ቀይረዋል። በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ዘመናዊ ባለ 1.5 ቴስላ ማሽንን ጉልበቱን ወደ 0.55 አውርደው ያገኙትን አሳተሙ። የተቀረው ቴክኖሎጂ ዘመናዊ ከሆነ በዚህም ጉልበት ጠቃሚ ምስል ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ሲመንስ ኩባንያም በዚሁ ጉልበት የሚሠራ ማሽን ለገበያ አቅርቧል። መግቢያው 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ከአንድ ሊትር ያነሰ ሂሊየም ይበቃዋል።

በ2024 ደግሞ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ0.05 ቴስላ የሚሠራ፣ ከተራ የግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚጠቀም የመላ ሰውነት ማሽን በ"ሳይንስ" መጽሔት ላይ አስተዋውቀዋል። ካሳዩዋቸው ምስሎች መካከል የሆድ ዕቃ ይገኝበታል። ጉልበቱ ወደ አበርዲኑ ማሽን ተመልሷል ማለት ነው፤ የጎደለውን ሲግናል የሚያካክሰው ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠለጠነ ኮምፒውተር ነው። ጥያቄው ያለውም እዚያው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉን የሚያጠራው ቀድሞ ካያቸው ምስሎች በተማረው ነው፤ አንዲት የአንድ ሴንቲ ሜትር እብጠት በጤናማ ጉበት አምሳል "ብትጠራ" የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።

ምሥራቅ አፍሪካም ከዚህ እንቅስቃሴ ውጭ አይደለችም። በ2022 በኡጋንዳ ምባራራ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከኔዘርላንድስና ከአሜሪካ ከመጡ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር ባለ 0.05 ቴስላ ማሽን በዚያው በቦታው ተገጣጥሟል። ዓላማው ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ የሚከማችባቸውን ሕፃናት መመርመር ነው። ለጉበት ግን ይህን መሰሉ ትንሽ ማሽን ገና ነው። የጉበት ካንሰርን የሚያሳውቀው በሰከንዶች የሚቆጠረው የማድመቂያ ጨዋታ ፍጥነትና ሲግናል በአንድነት ይሻል፤ ደካማው ማግኔት ከሁለቱ አንዱን ያጣል።

ማሽኑን በሕይወት ማቆየት

የናይሮቢ ሆስፒታሎች ስለ ቴስላ ሲወስኑ የሚያስቡት ስለ ምስል ብቻ አይደለም። የተለመደው ባለ 1.5 ወይም ባለ 3 ቴስላ ማሽን ጉልበቱን የሚያገኘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ከተነከረ ሽቦ ነው። ሂሊየሙ ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣው ሌሊትና ቀን መሥራት አለበት። ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ከሌለ ሂሊየሙ እየተነነ ያልቃል፤ መልሶ መሙላቱም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ጋዝ ይጠይቃል። ነሐሴ 25/2023 ኬንያ መላ አገሪቱን ያዳረሰ የኤሌክትሪክ መቋረጥ አጋጥሟት ዋናው አውሮፕላን ማረፊያዋ ሳይቀር ጨልሞ ነበር።

ኬንያ በ2015 በጀመረችው የሕክምና መሣሪያዎች ኪራይ ፕሮግራም በ47ቱም ካውንቲዎች የሚገኙ 98 ሆስፒታሎችን ከኩላሊት እጥበት እስከ ራዲዮሎጂ ባሉ መሣሪያዎች ለማሟላት ሞክራለች። ፕሮግራሙ በአገሪቱ ሴኔት ሲመረመር ከተነሱት ቅሬታዎች አንዱ በአንዳንድ ቦታዎች መሣሪያው ቢደርስም የሚያሠራው ባለሙያ ወይም ኤሌክትሪክ ባለመኖሩ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነበር። በጉበት ኤምአርአይ ላይ ይህ በእጥፍ እውነት ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቴክኖሎጂስት ሕመምተኛውን ትንፋሽ አያያዝ ካላለማመደው፣ ማድመቂያው ደም ቅዳ ላይ የሚደርስበትን ሰከንድ ካልጠበቀ፣ የሚያነበው ራዲዮሎጂስት በጉበት ላይ ካልሠለጠነ ማግኔቱ የቱንም ያህል ቢበረታ የሚወጣው ደካማ ሪፖርት ነው።

ታካሚው ምን ሊጠይቅ ይችላል?

"ስንት ቴስላ ነው?" የሚለው ጥያቄ ክፉ አይደለም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ለጉበት ይበልጥ የሚጠቅሙት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ማዕከሉ የጉበት ኤምአርአይን ዘወትር ይሠራል ወይ? ማድመቂያ ይሰጣል ወይ፣ ምስሉስ በበርካታ ምዕራፎች ይነሳል ወይ? የሚያነበው የሆድ ዕቃ ምስል ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ነው ወይ? ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሕመምተኛ ይህንኑ ቀጠሮ ሲይዝ መናገር አለበት፤ ሁለቱም ማሽኖች ባሉበት ተቋም ወደ 1.5 ቴስላው ሊመደብ ይችላል። አንዳንዴም ሐኪሙ አስቀድሞ ውሃውን ማስቀዳት ይመርጣል።

በሰውነት ውስጥ ያለ ብረትም መደበቅ የለበትም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ የአጥንት ማያያዣ፣ በጦርነት ወቅት የቀረ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ፤ ሁሉም አስቀድሞ መነገር አለባቸው። ለ1.5 ቴስላ አስተማማኝ መሆኑ የተረጋገጠ መሣሪያ ለ3 ቴስላም እንዲሁ ነው ማለት አይደለም። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ስለ ማድመቂያው ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገር ይገባል።

ቀደም ብሎ መመርመርን በተመለከተ ኤምአርአይ የመጀመሪያው በር አይደለም። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲሮሲስ ኖሮበት ለካንሰር የተጋለጠ ሰው በየስድስት ወሩ እንዲነሳ የሚመከረው አልትራሳውንድ ነው። ዋጋው ከኤምአርአይ እጅግ ያነሰ ሲሆን ከናይሮቢና ከአዲስ አበባ ርቀው በሚገኙ ብዙ ሆስፒታሎችም ይገኛል። ኤምአርአይ የሚመጣው አልትራሳውንዱ አንድ ነገር ሲያሳይ ነው።

ከምርመራው በኋላ ብዙ ታካሚዎች የሚወጡት የታተመ ፊልምና አንድ ገጽ ሪፖርት ይዘው ነው። ፊልሙ ላይ የሚታተሙት ከመቶዎቹ ምስሎች የተመረጡት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። በሞያሌ በኩል ወደ አገሩ የሚመለስ ሕመምተኛ ሙሉውን ምርመራ በሲዲ ወይም በፍላሽ ዲስክ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል፤ በሌላ ከተማ ያለ ራዲዮሎጂስት እንደ አዲስ ሊያነበው የሚችለው ያኔ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ምርመራ ቢታዘዝም ቢቻል በተመሳሳይ ጉልበት፣ በተመሳሳይ የማድመቂያ ዓይነት መነሳቱ ይመረጣል። በ1.5 ቴስላ የተለካ የብረት ንባብ በ3 ቴስላ ከተለካው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ቢገኝ ጉበቱ ሳይሆን ማሽኑ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።